መጀመሪያ ለአይጧ

የያዙኝ ሞጆ፣ ከደረቅ ወደቡ አጠገብ ካለች ሻይ ቤት፣ ሁለተኛውን ፓስቲ ስበላ ነው። ሦስት ሆነው መጡ። አንደኛው ጨዋ ነበር፤ «ጨርስና እንሄዳለን» አለኝ። እንዲህ ከተባለ በኋላ የሚዋጥ ፓስቲ የለም። ግማሹን ሳህኑ ላይ ትቼ ተነሣሁ፣ ስልኬን ሰጠሁ፣ በነጭ ፒክአፕ ኋላ ተጫንኩ። የሻይ ቤቷ ባለቤት በር ላይ ቆማ፣ እጇን በሽርጧ እየጠረገች ትመለከተኝ ነበር። ስሜን ጠርታ ልትሰናበተኝ አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው።

ሥራዬ ትራንዚተር ነው፤ የሰው ዕቃ ከጉምሩክ አስለቅቃለሁ። የወደቡ ሾፌሮች በኋላ «ኮንቴይነር ሲያስለቅቅ ኖሮ ራሱን ማስለቀቅ አቃተው» እያሉ ቀልደውብኛል። ስለተያዝኩበት ነገር ብዙ መጻፍ አልፈልግም። ጊዜው ስልክ የሚፈተሽበት ነበር። አንድ ሰው የላከልኝን ነገር ለሌላ ሰው አስተላልፌያለሁ፤ በቃ፣ ይኸው ነው። ላኪውንም ተቀባዩንም በስም አላነሣም። የማንንም ስም አላነሣም።

ማረፊያ ቤቱ ሞልቷል ተብሎ የወሰዱኝ ከአዳማ ወጣ ብሎ ወደሚገኝ አሮጌ የእህል መጋዘን ነው። በሩ ሲከፈት መጀመሪያ ያገኘኝ ሙቀቱ ነው፤ ቀጥሎ ሽታው። የሰው ላብ፣ የባልዲው ሽንት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ለዘር እህል የሚነሰነሰው መድኃኒት፤ ጉሮሮ ይከረክራል። መስኮት የለውም። ከግድግዳው ጫፍ፣ ከቆርቆሮው ሥር፣ ለአየር የተተዉ ቀዳዳዎች አሉ። ሰው ትከሻ ላይ ወጥቶ በአንዷ ያሾለቀ ሰው ኮረብታው ላይ የነፋስ ኃይል ማመንጫዎቹ ሲሽከረከሩ ያያል። ያን ሁሉ ብረት የሚያዞር ነፋስ ውጭ እያለ እኛ ጋ አንዲት ትንፋሽ አትገባም። ከእስሩም በላይ ይሄ ያናድደኝ ነበር።

የቤቱ ካቦ፣ ማለትም እስረኞቹ ራሳቸው የመረጡት አለቃ፣ ከአርሲ የመጡ አንድ ሐጂ ነበሩ፤ ባለ ጭነት መኪና። ሰፊ ሰው ናቸው፤ ድምፃቸውም እንደዚያው። «እዚህ እንኳን ደህና መጣህ አይባልም» አሉኝ። «አብሽር ብቻ ነው የምንልህ።» ቀጥለው የቤቱን ሕግ ነገሩኝ። አዲስ ገቢ ከባልዲው አጠገብ ይተኛል። ሌላ አዲስ ሰው እስኪመጣ ባልዲ ያወጣል፣ ወለል ይጠርጋል፣ የታዘዘውን ይሠራል። ከቤተሰብ የሚመጣ ምግብ የግል የለውም፤ ሁሉም አንድ ሸራ ላይ ይቀርባል፣ ጠያቂ ያለውም የሌለውም እኩል ይበላል። ይህን የመጨረሻውን ሕግ ያወጡት እሳቸው ነበሩ፤ ሲናገሩት ትንሽ ቀና ይሉ ነበር።

ከባልዲው ማዶ፣ ጥግ ላይ፣ አንድ ሰው ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሃምሳ ዓመት ገደማ ይሆነዋል። በዚያ ሙቀት ቡኒ ኮት ለብሷል። ዕቃዬን አስቀምጬ ቦታዬን ሳበጅ የኮቱ እጅጌ ውስጥ አንድ ነገር ተንቀሳቀሰ። መጀመሪያ ጢም ወጣ፣ ከዚያ አፍንጫ፣ ከዚያ አንድ ጆሮ፤ ሌላው ጆሮ ግማሹ የለም። አይጥ ነበረች። ዘልዬ ስነሣ ቤቱ ሳቀ።

«ተዋት፣ የዱዳው ናት» አለኝ አጠገቤ የተኛው ልጅ እግር።

ዱዳ ሆኖ አልመጣም። ሲገባ እንደማንም ያወራ ነበር አሉ። ለምርመራ ተወስዶ ከተመለሰ በኋላ ግን ለማንም አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ከየት እንደመጣ፣ ማን እንዳለው፣ ምን እንደሚሠራ የሚያውቅ የለም። እጁ የገበሬ እጅ እንደሆነ ብቻ ይታያል። አይጧ እንዴት እንደለመደችው የሚያውቅም የለም፤ አንድ ቀን ከእጅጌው ወጥታ አዩዋት፣ ከዚያ ወዲህ አልተለየችውም። ቀኑን ሙሉ ጭኑ ላይ አድርጎ በአንድ ጣቱ ይዳብሳታል፤ ከግንባሯ ጀምሮ፣ በጆሮዎቿ መሀል፣ እስከ ጀርባዋ። እሷ ትለጠጣለች፣ ዓይኗን ጨፈን ታደርጋለች። ቤቱ ጸጥ ሲል ጥርሷን ስታፋጭ ይሰማል፤ ሕፃን ልጅ ተኝቶ እንደሚያፋጨው።

እኔ አይጥ አልወድም። መጋዘን ለመጋዘን ሲዞር የኖረ ሰው አይጥ ሊወድ አይችልም። ስንት ሰው ወደብ ላይ ዕቃው ተበልቶ ሲያለቅስ አይቻለሁ። ፊቴን ወደ ባልዲው አዙሬ መተኛትን መረጥኩ።

አሁን ስለ ምግቡ መናገር አለብኝ። በር ላይ ደንብ አለ፤ ስንቅ ያመጣ ሰው ከምግቡ ቀምሶ ነው የሚያስገባው። መርዝ እንዳይገባ ነው ይላሉ። እህቴ አዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ ልብስ ትሰፋለች፤ ከፈረቃዋ ስትወጣ ሽሮ በምሳ ዕቃ ይዛልኝ ትመጣለች። «አንተን ስጠይቅ ወፈርኩ» ብላኝ ታውቃለች። ለሐጂ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ባለቤታቸው ትልቅ ሴት ናቸው። የልጃቸውን ልጅ በሚያህል ጥበቃ ፊት በገዛ እጃቸው የሠሩትን ሩዝ ይጎርሳሉ፣ ይውጣሉ፣ መዋጣቸው እንዲታይ አፋቸውን ይከፍታሉ። ሐጂ አንድ ቀን በበሩ ስንጥቅ ይህን አይተዋል። ከዚያ ወዲህ ያ ሩዝ ሲቀርብ ፊታቸው ይጠቁራል። ቢስሚላህ የሚሉት እንኳ ከወትሮው ባነሰ ድምፅ ነበር።

ዱዳው ጠያቂ የለውም። ድርሻው ከሸራው ላይ ተነሥቶ ይሰጠዋል። እሱ ደግሞ ከተሰጠው ላይ በመጀመሪያ ቆንጠር ያደርግና ለአይጧ ይዘረጋል። ተቀብላ እስክትጨርስ ይጠብቃል። ፊቷን በእጆቿ ጠርጋ ስትበቃ ነው አንድ ሁለት ጊዜ ወደ አፉ የሚያደርገው። ሁልጊዜ እንዲህ ነበር። እኛ ስንበላ ስለምንጣደፍ ብዙ ሰው ልብ አላለውም።

አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ሐጂ ልብ አሉት። የባለቤታቸው ሩዝ ነበር። ዱዳው ከሩዙ ጨበጥ አድርጎ ለአይጧ ዘረጋ፣ ጠበቀ፣ አያት። ሐጂ የያዙትን ጉርሻ ሸራው ላይ መለሱት።

«አንተ ሰው፣ ምን እያደረግክ ነው?»

ዱዳው ዓይኑን ከአይጧ አላነሣም።

«የሚስቴን እጅ በአይጥ ታስቀምሳለህ? በር ላይ ያስቀመሷት አይበቃም? እኛ ነን የምንመርዝህ?»

ነገሩ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ተገለጠ፤ ወይም የተገለጠ መሰለን። ሰውየው ምግባችንን በአይጥ እያስመረመረ ነው! ቤቱ አጉረመረመ። እኔም ደሜ ፈላ። የእህቴ ሽሮም እዚያው ሸራ ላይ ነበረች፤ ከሌሊት ፈረቃ ወጥታ፣ ሳትተኛ የሠራችው ሽሮ።

«አዲሱ!» አሉኝ ሐጂ። «ባልዲውን ስታወጣ ይቺን ነገር ይዘህ ውጣና ጨርሳት። በኛ ሃይማኖትም የምትገደል ናት።»

የታዘዘውን የሚሠራው አዲስ ገቢ ነውና ተነሣሁ። የወለል መጥረጊያውን ጨርቅ እጄ ላይ ጠቀለልኩ። ዱዳው አልተከራከረም፣ አይጧንም አልደበቀም። እጄን ብቻ አየ። እኔም ከላይ ዘቅዘቅ ብዬ ጅራቷን ለመያዝ እጄን ስሰነዝር አይጧ ጮኸች፤ ቀጭን፣ የሰው ጩኸት የመሰለ።

«ሱታ!» አለ ዱዳው።

በኦሮምኛ ቀስ በል ማለት ነው። አዳማ ላደገ ሰው አስተርጓሚ አያሻውም። ቤቱ ግን ጸጥ ያለው ቃሉን ለመተርጎም አልነበረም። ከባልዲው ወዲህም ወዲያም ያለ ሰው ሁሉ አኝኮ ሳይጨርስ ቆመ።

«ከላይ አትምጣባት» አለኝ። ድምፁ ከቆየ በር እንደሚወጣ ነበር፤ ይሻክራል። «ጭልፊት የመጣባት ይመስላታል። ጅራቷንም ተው፣ ቆዳው ይላጣል። ጨርቁን ጣል። እጅህን ዘርጋ፣ ከሥር።»

ለምን እንደታዘዝኩት አላውቅም። ሐጂ አዝዘውኝ የተነሣሁ ሰው፣ ጨርቁን ጣልኩና መዳፌን ወደ ላይ አድርጌ ወለሉ ላይ ዘረጋሁ። እሱ ክንዴን ይዞ ትንሽ ዝቅ አደረገልኝ። አይጧ መጣች፣ ቆመች፣ ጣቶቼን አንድ በአንድ አሸተተች። ጢሟ ይኮረኩራል። ከዚያ የፊት እጆቿን መዳፌ ላይ አደረገች፤ ቀዝቃዛ ናቸው፣ ጣት ያላቸው፣ ትንንሽ። ቀጥላ ሙሉ ለሙሉ ወጣች። ክብደቷ አንድ ትንሽ ብርቱካን አይሞላም። ልቧ ግን መዳፌን ይመታው ነበር።

«አሁን በአንድ ጣት። ከጆሮዋ ኋላ። ፀጉሯ ወደሚተኛበት ውሰደው እንጂ ወደ ላይ አትመልሰው። እንዳትጫን።»

ዳበስኳት። ከግማሹ ጆሮ ኋላ አጥንቷ ይሰማል፣ እንደ እንቁላል ቅርፊት የሳሳ። መጀመሪያ ተኮማትራ ነበር፤ ቆይታ ላላች። ጥርሷን ማፋጨት ስትጀምር ንዝረቱ እስከ አንጓዬ ተሰማኝ።

«ወደደችህ» አለኝ።

ከሞጆ ከተነሣሁ ጀምሮ የነካኝ እጅ ሁሉ ወይ ፈታሽ ነበር ወይ ገፍታሪ። ወድዶ ወደኔ የመጣ የመጀመሪያው ፍጥረት ይቺ ልገድላት የተነሣሁባት አይጥ ሆነች። እንባዬ መጣ። ሰው እንዳያይብኝ አጎንብሼ መዳበሴን ቀጠልኩ።

ትንሽ ቆይቼ ቀስ ብዬ ጠየቅኩት። «ጋሼ፣ ምግባችንን ፈርተህ ነው የምታስቀምሳት?»

ያልገባው ሰው አየኝ። «ማን አስቀመሳት? አጎርሳታለሁ እንጂ።»

ከዚያ ተናገረ። ብዙ አይደለም፤ የተናገረውም አንዴ በአማርኛ አንዴ በኦሮምኛ እየሆነ ነው። ሚስቱ ግማሽ ጎኗ አይሠራም። ከታመመች ዓመታት ሆኗታል። እጇን ወደ አፏ ማድረስ ስለማትችል ሁልጊዜ እሱ ነው የሚያጎርሳት፤ እሷ ጠግባ፣ አፏን ጠርጎላት፣ ከዚያ ነው እሱ የሚበላው።

«እሷ ሳትጎርስ በልቼ አላውቅም» አለኝ። «እዚህ ስመጣ እጄ እምቢ አለኝ። ወደ አፌ አይሄድም። ቆይቶ ይቺ መጣች። እሷን ሳጎርሳት እጄ ይፈታል።»

«አሁን ቤት ውስጥ ማን አላት?»

መልሱን ከምርመራው ጀመረ። ምርመራ ላይ የሆነ ቀን የት ነበርክ ብለው ጠይቀውታል። ቤቴ ነበርኩ አለ። ማን ያውቅልሃል ሲሉት ጎረቤቱን ጠራ፤ እሱ ማሳ ሲወርድ ሚስቱን የምታይለትን ሴት። ምስክር ትሆነኛለች ብሎ ነው። ሄደው ሴትዮዋን አመጧት።

«አንድ ስም ሰጠሁ፣ አንድ ሰው ታሰረ» አለ። «ከእንግዲህ ከኔ አፍ ስም አይወጣም አልኩ። ሚስቴንም ያመጧታል ብዬ ፈራሁ። በቃሬዛ ያመጧታል ብዬ።»

እኔም እዚህ ስም የማልጽፈው ለዚህ ነው።

ሐጂ መቼ ተነሥተው አጠገባችን እንደደረሱ አላየሁም። የአርሲ ሰው ናቸው፤ ኦሮምኛውም አማርኛውም እኩል ገብቷቸዋል። እየከበዳቸው መሬት ተቀመጡ። «አስተግፊሩላህ» አሉ፤ አሁንም ደገሙት። ከዚያ ወደኔ ዞረው «አይጧን መልስለት» አሉኝ። «ለመሆኑ በቅርብ ጠያቂ የሚመጣለት ማን ነው?»

የሚመጣልኝ እኔ ነበርኩ።

ነገሩ ቀላል አይደለም። ጠያቂና እስረኛ የሚገናኙት በሁለት ሽቦ አጥር መካከል ነው፤ ጥበቃው መሀል ላይ ቆሞ ይሰማል። የሌላ እስረኛ ጉዳይ ማንሣት ክልክል ነው። መልእክት ሲቀበሉ የተገኙ ጠያቂዎች ወደ ቤታቸው ሳይመለሱ ቀርተዋል። እህቴ እንዳትመለስ ማድረግ እችል ነበር። ቢሆንም አንዲት ሴት የሆነ ቦታ አልጋ ላይ ተኝታ አፏን ከፍታ ትጠብቃለች። ይህን ከሰማሁ በኋላ ምግብ እኔንም አልወርድ አለኝ።

ሰውየው ቦታውን ለመንገር ብዙ አቅማማ። በመጨረሻ ጆሮዬ ሥር ሆኖ ነገረኝ፤ ወለንጪቲ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በሩ ላይ ሽፈራው የተተከለበት። «ስሟን ግን አልነግርህም» አለ። «አልፈልግም» አልኩት።

እህቴ በመጣች ቀን ጥበቃው መፋቂያ እያኘከ ነበር። እኔና እሷ ሰላምታችንን ጀመርን። እንደኛ አገር ሰላምታ ለሚስጥር የሚመች ነገር የለም። ደህና ነሽ፣ ደህና ነህ፣ ልጆቹስ፣ ወንድማችንስ፣ የወንድማችን ባለቤትስ፣ አከራይዋስ፣ የአከራይዋ ጉልበትስ፣ ላሟስ ወለደች ወይ። ጥበቃው መጀመሪያ በጥሞና ሰማ፤ አከራይዋ ጋ ስንደርስ ስልኩን አወጣ።

«አክስታችንስ እንዴት ናት?» አልኳት።

«የትኛዋ?»

«የወለንጪቲዋ ናታ! ግማሽ ጎኗ የማይሠራው።»

ወለንጪቲ አክስት የለንም። እህቴ ሽቦውን በሁለት እጇ ያዘች። ፊቷ ላይ ምንም አልተለወጠም፤ እጇ ብቻ።

«እሷን እንኳ ሰሞኑን አላየኋትም» አለች።

«ማን እያጎረሳት ይሆን? ባሏ እንደሆነ መንገድ ላይ ነው አሉ። ሄደሽ እያት እንጂ፣ ነውር ነው። ቤቱን ረሳሽው እንዴ? ከወፍጮ ቤቱ ጀርባ፣ በሩ ላይ ሽፈራው ያለበት።»

«ሽፈራው ያለበት» አለች ቀስ ብላ።

ጥበቃው ቀና አለ። «ስንት ዘመድ ነው ያላችሁ እናንተ? ጨርሱ እንጂ!»

ሦስታችንም ሳቅን። እህቴ እየሳቀች ስትሄድ ከኋላ አየኋት፤ ባዶውን ምሳ ዕቃ ደረቷ ላይ አቅፋው ነበር።

እስክትመለስ ያለው ጊዜ ረዘመ። ሰውየው አይጧን ከጭኑ አላወረደም። ሲደክመው ለኔ ያቀብለኛል፤ እኔም መዳፌን ከሥር አድርጌ እቀበላታለሁ። ተራ በተራ ዳበስናት። ሐጂ ከሶላት በተነሡ ቁጥር ወደኔ እያዩ «እህትህ አልመጣችም?» ይላሉ፤ እኔም አስረዋት ይሆን እያልኩ ወደ በሩ አያለሁ።

መጣች። ያን ቀን ጥበቃው ሌላ ነበር፤ ቀረብ ብሎ የሚቆም ዓይነት። ሰላምታውን አሳጥራ ራሷ ጀመረች።

«አክስታችን ጋ ሄጄ ነበር።»

«እንዴት ናት?»

እህቴ የያዘችውን ምሳ ዕቃ ክዳን አየች። «ደህና ናት። አጎረስኳት።»

«በላች?»

«በላች። አሁን ሰው ከበባት፤ አታስብ።»

ወደ ውስጥ ስመለስ ሮጫለሁ፤ ጥበቃው «ምን ነክቶታል» ሲል ይሰማኛል። ለሰውየው ነገርኩት፤ ደህና ናት፣ በላች፣ ሰው አላት። ፊቱን በሁለት እጁ ሸፈነ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ የሚያለቅስ መስሎኝ ነበር፤ እጁን ሲያነሣ ግን እየሳቀ ነው። ያን ቀን ምሳ ለአይጧ ሰጠ፣ ከዚያም ድርሻውን እስከ መጨረሻው ፍሬ በላ። ከሁሉ ያስገረሙኝ ሐጂ ናቸው። ከባለቤታቸው ሩዝ መዳፋቸው ላይ አደረጉ፣ እጃቸውን ወለሉ ላይ ዘረጉ፣ «ነይ በይ፣ ቢስሚላህ» አሏት። አይጧ ከመዳፋቸው በላች። በኋላ እጃቸውን ለመታጠብ ግማሽ ጀሪካን ውኃ ጨረሱብን።

ብዙ ሳይቆይ አንድ ጠዋት በር ተከፍቶ ሰውየው ዕቃህን ይዘህ ውጣ ተባለ። በዚያ ቤት ይህ ቃል ወደ ቤትም ወደ ሌላ እስር ቤትም ሊሆን ይችላል፤ የሚያስታውቅበት መንገድ የለውም። ዕቃ የሚባል አልነበረውም። አይጧን ከእጅጌው አውጥቶ በኦሮምኛ አንድ ነገር ሹክ አላትና መዳፌ ላይ አኖራት። ሐጂ ግንባሩን ሳሙት። ሲወጣ ቀጥ ብሎ፣ ቀለል ብሎት ነው የወጣው። ሚስቱ የበላች ሰው አካሄድ ነበር።

አይጧ ከኔ ጋር ሰነበተች። ጧት ጧት ከእጅጌዬ ስትወጣ እጆቿ ይቀዘቅዛሉ፤ ስዳብሳት ይሞቃሉ። መጥረጊያውና ባልዲው ለሌላ አዲስ ገቢ አለፉልኝ። በስተመጨረሻ ለምን እንደተያዝኩ ሳይነገረኝ ለምን እንደተፈታሁም ሳይነገረኝ ተለቀቅኩ። አይጧን ለሐጂ ሰጠኋቸው። ከሥር ይዘው ተቀበሉኝ፤ «ሚስቴ እንዳትሰማ» አሉ።

እህቴ ቤት ገላዬን ታጠብኩ፣ ልብስ ቀየርኩ፣ በላሁ። ሳህኑን አንሥታ ከጨረሰች በኋላ መጥታ ፊት ለፊቴ ተቀመጠች።

«ወንድሜ» አለች። «ወለንጪቲ ስደርስ ድንኳን እያፈረሱ ነበር።»

ገባኝ፣ ግን ልረዳው አልፈለግኩም። «ምን ድንኳን? አጎረስኳት አልሽኝ እኮ!»

«ታዲያ ምን ልበልህ?» ተቆጣች። «መርዶ በሽቦ መሀል ይነገራል? ለታሰረ ሰው? ዘመድ የለው፣ የሚደግፈው የለው፣ ባልዲ አጠገብ ሆኖ ይስማው? ሰዎቹ ለቅሶ ተቀምጠው ‹ባሏ የት እንዳለ እንኳ አናውቅም› እያሉኝ ያለቅሳሉ። እኔ አውቃለሁ፣ አፌን ይዤ ነው የወጣሁት። አልቻልኩም።»

ልክ ነበረች። መርዶ የራሱ ወግ አለው። ሽማግሌ ይሰበሰባል፣ ጎህ ሲቀድ ነው የሚኬደው፣ ሰውየው ሲወድቅ የሚይዘው ክንድ ከግራም ከቀኝም ይዘጋጃል። ጎረቤቷ ከተወሰደች በኋላ ሰው ሳይደርስላት ምን ያህል ቀን እንደቆየች፣ መጀመሪያ በሩን የከፈተው ማን እንደሆነ፣ እህቴ ሰምታለች። እኔ ግን እንድትነግረኝ አልፈለግኩም።

ሰውየውን ፈለግኩት። ስሙን ስለማላውቅ አስቸጋሪ ነበር፤ በየእስር ቤቱ በር ቡኒ ኮት ያለው፣ ገበሬ፣ የማይናገር እያልኩ ጠየቅኩ። የለም ተባልኩ። መርዶው እኔ ላይ ተቀመጠ። ምግብ ሲቀርብ የሆነ ቦታ አንድ ሰው ሚስቱ እየበላች እንደሆነ አምኖ በእርጋታ እየበላ ነው እላለሁ። በሌሊት ሳይሆን በጠራራ ፀሐይ፣ ወደብ ላይ ቆሜ ማኅተም ስጠብቅ፣ የራሴ ድምፅ «በላች?» ሲል እሰማዋለሁ።

ያገኘሁት አዳማ መናኸሪያ ነው። እኔ አላየሁትም፤ እሱ ነው ከኋላ የያዘኝ። ኮቱ ያው ነው፣ ሰውየው ግን ውስጡ አንሷል። በእጁ ፌስታል ይዟል። ያን ዕለት ጠዋት ነበር የተለቀቀው። አቀፈኝ፣ አልለቅ አለኝ።

«እህትህን ዋቃ ይባርካት» አለኝ። «በዚያች ወሬ ነው የኖርኩት። አሁን ወደ ቤቴ ነኝ።»

«እሸኝሃለሁ» አልኩት። ውኃ ልግዛ ብዬ ዞር አልኩና ለእህቴ ደወልኩ። ከወለንጪቲዎቹ ጋር ስልክ ተለዋውጣ ነበር። «አግኝቼዋለሁ፣ እየመጣን ነው» አልኳት፤ ሌላ ማብራሪያ አላስፈለጋትም።

ሚኒባሱ ውስጥ በመስኮቱ በኩል ተቀመጠ። ስለ አይጧ ጠየቀኝ። ሐጂ ጋ ናት ስለው ሳቀ፤ «ሐጂ? ወላሂ?» እያለ ደጋግሞ ሳቀ። ከከተማው ወጥተን ግራሩ መታየት ሲጀምር ፌስታሉን ጭኑ ላይ አደረገ። ቆይቶ ወደኔ ዞረ።

«ያን ቀን እህትህ ምን አጎረሰቻት?»

ለብዙ ጥያቄ ተዘጋጅቼ ነበር፤ ለዚህ አልተዘጋጀሁም።

«ገንፎ» አልኩት።

«ቅቤ ነበረው?»

«ነበረው።»

ራሱን ነቀነቀ። «ትወዳለች» አለ።

ወለንጪቲ ስንገባ፣ ወደ ወፍጮ ቤቱ በሚታጠፈው መንገድ አፍ ላይ፣ አስፋልቱ ዳር ሰዎች ቆመዋል። ወንዶቹ በዚያ ፀሐይ ጋቢ ደርበዋል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ከኔ ቀድሞ አያቸው። ረጅም ጊዜ አያቸው። ወደኔ አልዞረም፤ ቢዞር ምን እንደማሳየው አላውቅም። የኮቱን ቁልፎች ከታች ጀምሮ አንድ በአንድ ቆለፈ፣ ኮሌታውን አስተካከለ፣ ፊቱን በመዳፉ ጠረገ። ከዚያ እንደማንኛውም ተሳፋሪ፣ ከፍ ባለ ደህና ድምፅ፣ «ወራጅ አለ» አለ።

ይህ ከሆነ ቆይቷል። ሰውየው ያመረተውን ሽንኩርት ለመሸጥ አዳማ ሲመጣ አሁን እህቴ ቤት ሳይገባ አያልፍም። ለቅሶውን ተቀምጧል፤ የቀብሩን ቀን ያውቃል፤ እህቴ መቼ እንደመጣችም ጎረቤቶቹ ነግረውታል። ስለ ገንፎው አንድም ቀን ጠይቆኝ አያውቅም። ሁልጊዜ ግን ምሳ ቀርቦ እጁን ታጥቦ ሲቀመጥ፣ ቀና ብሎ እህቴን ያያትና «ገላቶሚ» ይላታል፤ «ያን ቀን ስላጎረስሻት አመሰግናለሁ።» በመጀመሪያው ጊዜ እህቴ ወደ ጓዳ ገብታ አልቅሳለች። አሁን አታለቅስም። ሳህኑን ወደሱ እያስጠጋች «ምንም አይደል፣ ጋሼ» ትለዋለች።